ጭንቅላቱ «እናቴ» ሲል የማትጮኸው ሴት

የኮሪያዊቷን ደራሲ የቦራ ቹንግን «የተረገመችው ጥንቸል» ደጋግሜ ስላነበብኩት፣ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አሥር አጫጭር ታሪኮች ናቸው።

ያስፈራል ወይስ ያስቃል?

ሁለቱንም፣ ያውም ባንዴ። «ጭንቅላቱ» የሚለውን ውሰድ። ሴትዮዋ ሽንት ቤት ናት። ከመቀመጫው ውስጥ አንድ ጭንቅላት ብቅ ይልና «እናቴ» ይላታል። እሷ ከጣለችው ፀጉር፣ ከሰገራዋና ከሶፍት ተጠፍጥፎ የተሠራ ነው። አንተ ብትሆን ጩኸትህ ሰፈሩን ይቀሰቅሰው ነበር። እሷ ውሃ ለቀቀችበት። ለቤተሰቧ ብትነግርም ከቁብ የቆጠራት የለም። ሳቁ ያለው እዚህ ነው፤ ሰው ሁሉ ጉዱን እንደተበላሸ ቧንቧ ነው የሚያየው።

ጋሼ፣ ጥንቸሏ ምን አጥፍታ ተረገመች?

እሷማ ምን አጠፋች! ማስረገሚያ ናት። የተራኪው አያት እንጀራቸው መተት መሥራት ነው። የወዳጃቸው ቤተሰብ የአገሩን መጠጥ በወጉ ያወጣል። አንድ ትልቅ ኩባንያ «የኢንዱስትሪ አልኮል ይጨምሩበታል» ብሎ አስወራባቸውና ቤቱ ፈረሰ። ለግል ቂም መተት መሥራት በሙያው ክልክል ነው። ሽማግሌው ግን ሠሩ፤ የጥንቸል ቅርጽ ያለው መብራት። ከዚያ በኩባንያው መጋዘን ወረቀቱ ሁሉ ይቀረጠፍ ጀመር። የቀረውን አልናገርም። ደግሞ የእርግማን ዕቃ ማማር አለበት ባይ ናቸው። እውነታቸውን ነው፣ አስቀያሚ ስጦታ ማን ቤቱ ያስቀምጣል?

ወንድሜ፣ ኮሪያኛ ሳልችል እንዴት ላንብበው?

እኔም አልችልም። ኮሪያኛው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። አንቶን ሁር ወደ እንግሊዝኛ መልሶት በ2021 ታተመ፤ በ2022 ለዓለም አቀፉ ቡከር ሽልማት የመጨረሻዎቹ ዕጩዎች ውስጥ ገባ። ቹንግ ራሷም ከሩሲያኛና ከፖላንድኛ ትተረጉማለች።

ያለ አባት ስላረገዘችው ሴት ሰምቼ ነበር። እዚሁ ነው?

አዎ። የእርግዝና መከላከያ ኪኒን አብዝታ ወስዳ ታረግዛለች! ሐኪሟም ፎርም እንደጎደለባት የቀበሌ ጸሐፊ ቆጣ ብላ፣ አባት ካልተገኘለት ፅንሱ በወጉ አያድግም ትላታለች። ልጅቷ ሆዷን ይዛ ባል ፍለጋ። ከአሥሩ እኔን በጣም ያሳቀኝ ይሄ ነው፤ መጨረሻው ላይ ግን ሳቄን ዋጥኩት።

ምሳ እየበላሁ ላንብበው?

«ጭንቅላቱን» ከሆነ ተው። እኔ ሞክሬው ሽሮዬ ረግቶ ቀርቷል።