ደህና ነኝ ከማለታችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፤

ይህ ደብዳቤ በሚሲሲፒና በኦሃዮ ወንዞች በሚመላለሱ ጎታች ጀልባዎችና ባርጆች በሚባሉ ሞተር አልባ ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባዎች ላይ ሥራ ለያዛችሁ፣ ወይም ለመያዝ የወደብ መግቢያ መታወቂያችሁን ለምትጠብቁ ነው። እኔ በሉዊዚያና በወንዝና በባሕር ላይ ለተጎዱ ሠራተኞች ጥብቅና ስቆም ኖሬ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ከወገኖቻችን ወደዚህ ሥራ የሚገባው ጥቂት ነው። በዕድር ወይም በቤተ ክርስቲያን ግቢ ስለ ታክሲ፣ ስለ ጭነት መኪና፣ ስለ ሆስፒታል ሥራ የሚመክራችሁ ታላቅ ወንድም አታጡም፤ ስለ ወንዙ የሚመክር ግን ማግኘት ከባድ ነው።

ደመወዙ ደህና ነው፤ መኝታና ምግብ ጀልባው ላይ ስለሆነ ገንዘብ ይጠራቀማል። በብዙ ኩባንያዎች 28 ቀን ወንዝ ላይ፣ 14 ቀን ቤት ይኮናል። በወንዙ ላይ ስድስት ሰዓት ሠርታችሁ ስድስት ሰዓት ታርፋላችሁ፤ ሌትም ቀንም። የተለመደው ባርጅ 59 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ 1,500 ቶን ይጭናል። በላይኛው ሚሲሲፒ አንድ ጀልባ እንዲህ ያሉ 15 ባርጆችን አንድ ላይ አስሮ ይገፋል፤ ከሴንት ሉዊስ በታች ማለፊያውን የሚያጠቡ የውኃ በሮች ስለሌሉ ቁጥሩ ከ30 ያልፋል። እነዚህን በብረት ገመድ የሚያስረውና የሚፈታው፣ ከባዱን ማጥበቂያ ተሸክሞ በጠባቡ ጠርዝ ላይ በሌሊትና በዝናብ የሚመላለሰው ጀማሪው ሠራተኛ ነው። የተወጠረ ገመድ ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ተመዞ እግር ይሰብራል። ወገብ ግን በአብዛኛው ያለ ድምፅ ነው የሚጎዳው፤ ሠራተኛው ማጥበቂያውን ሲያነሣ አንድ ነገር ይሰማዋል፣ ቀና ይላል፣ ሥራውን ይቀጥላል። በፍርድ ቤት ከተሰበረ እግር ይልቅ የተጎዳ ወገብ የሚያከራክረውም ስለዚህ ነው፤ ሲጎዳ ያየ ሰው የለም።

አስቀድማችሁ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ቀድሞ በመጋዘን ወይም በፋብሪካ ሠርታችሁ ከሆነ፣ የተጎዳ ሠራተኛ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን ከግዛቱ የሠራተኞች ካሣ እንደሚያገኝ ታውቃላችሁ። በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። የጀልባ ሠራተኛ ሕግ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 የወጣው፣ በዋሽንግተን ግዛቱ ሴናተር በዌስሊ ጆንስ ስም የሚጠራው ሕግ መርከበኛው አሠሪውን በቸልተኝነት ከሶ ከተራ ዜጎች በተውጣጣ የዳኞች ጉባኤ (ጁሪ) ፊት እንዲያቆመው ይፈቅዳል። መንገዱ በ1908 ለባቡር ሠራተኞች ከወጣው ሕግ የተወሰደ ነው። የአሠሪው ጥፋት መረጋገጥ አለበት፤ ነገር ግን ጥፋቱ ለጉዳቱ ጥቂት እንኳ አስተዋጽኦ ካደረገ ይበቃል። እናንተም አጥፍታችሁ ከሆነ ካሣው በጥፋታችሁ መጠን ይቀነሳል እንጂ አይቀርም፤ ጉዳቱ 100,000 ዶላር ተገምቶ 30 በመቶው ጥፋት የእናንተ ከሆነ 70,000 ይከፈላችኋል። የሥራ ኃላፊው "ራስህ ነህ ያጠፋኸው፤ ምንም አይገባህም" ቢላችሁ አትመኑት።

ከዚህ ጎን ሁለት መብቶች አሉ። ባለ መርከቡ ለሥራ ብቁ የሆነ ጀልባ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ የዛገ ገመድ፣ ዘይት የፈሰሰበት ወለል፣ ለሥራው የማይበቃ የሰው ቁጥር ጉዳት ካደረሰ ጉድለቱን አላወቅሁም ማለት አያድነውም። ሁለተኛው ከመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ የባሕር ሕግ የወረደ ጥንታዊ መብት ነው። በመርከብ አገልግሎት ላይ እያለ የታመመ ወይም የተጎዳ መርከበኛ፣ የማንም ጥፋት ሳይጠየቅ፣ ሕክምናው ሊያሻሽለው እስከሚችልበት ደረጃ እስኪደርስ ድረስ የሕክምናውና የዕለት መተዳደሪያው ወጪ ይሸፈንለታል። እ.ኤ.አ. በ1962 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያየውን አንድ ጉዳይ ለእኛ ሰዎች ደጋግሜ አነሣለሁ። በሳንባ ነቀርሳ የታመመ መርከበኛ ባለ መርከቦቹ ጥያቄውን ችላ ስላሉት በሕመሙ ላይ ታክሲ እየነዳ ለመኖር ተገደደ። ከዚያም ከታክሲው ያገኘው ገንዘብ ከሚገባው ክፍያ ይቀነስ ተባለ። ፍርድ ቤቱ አይቀነስም አለ፤ የጠበቃውንም ወጪ እንዲከፍሉት አደረገ። በ2009 ደግሞ በአንድ ጎታች ጀልባ ወለል ላይ ወድቆ ትከሻው በተጎዳ ሠራተኛ ጉዳይ፣ ይህን ክፍያ ሆን ብሎ የሚከለክል አሠሪ የቅጣት ካሣም ሊጣልበት እንደሚችል ወሰነ።

እነዚህ መብቶች ግን የመርከበኛ ናቸው፤ በወንዝ ዳር የሚሠራ ሁሉ መርከበኛ አይደለም። በ1995 በጠቅላይ ፍርድ ቤት የጸናው መለኪያ ሥራችሁ ለመርከቡ ተግባር የሚያገለግል መሆኑንና ከመርከቡ ወይም በአንድ ባለቤት ሥር ካሉ መርከቦች ጋር ያላችሁ ግንኙነት ጽኑ መሆኑን ይጠይቃል፤ እንደ መነሻም ከሥራ ጊዜያችሁ 30 በመቶው በመርከብ ላይ መዋል አለበት። በወደብ ዳር ባርጅ የሚያጥበው፣ የሚጠግነውና ጭነት የሚያወርደው በአብዛኛው በ1927 በወጣው የወደብ ሠራተኞች ሕግ ነው የሚዳኘው። እዚያ ጥፋት ማስረዳት አያስፈልግም፤ ጨርሶ መሥራት ላልቻለ ሰው የሳምንት ደመወዙ ሁለት ሦስተኛ ይከፈለዋል። ለአሠሪው በ30 ቀን ውስጥ ማስታወቅ፣ ጥያቄውን በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ ግን ግድ ነው። ለመርከበኛ ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ (ይርጋው) ሦስት ዓመት ነው። ስለዚህ በየቀኑ የት እንደሠራችሁ፣ የጀልባውን ስም ጭምር፣ በራሳችሁ ደብተር ጻፉ።

አሁን ይበልጥ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። እኛ ያደግነው ሕመምን ደብቀን ነው። ቤታችን እየነደደ እንኳ "እንዴት ናችሁ?" ስንባል "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና" እንላለን። ይህ ጨዋነት ነው፤ እኔም ልጆቼን ያሳደግሁበት ነው። ካፒቴኑ ከወደቃችሁበት ሲያነሣችሁ ግን "ደህና ነኝ" የምትሉት ነገር በጀልባው መዝገብ ላይ ጉዳት የለም ተብሎ ይሰፍራል። ከሦስት ቀን በኋላ የኢንሹራንሱ ሰው ደውሎ፣ ንግግሩን እየቀዳ፣ ለስላሳ ድምፅ አሰምቶ እንዴት እንደዋላችሁ ይጠይቃል፤ እናንተም በይሉኝታ ታመሰግናላችሁ። ከዓመት በኋላ ያ ድምፅ በዳኞች ፊት ይከፈታል። ጎበዝ፣ ታታሪና ትሑት ልጆች ሊቀበሉት የሚገባቸውን ካሣ በትሕትናቸው ምክንያት ሲያጡ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ልጆቼ፣ የሚያምማችሁን በዚያው ፈረቃ ተናገሩ። የአደጋ ሪፖርት ሲሞላ ሁሉንም የሚያምም ቦታ አስጽፉ፤ ጉልበታችሁ ቢብስም ወገባችሁን አትርሱ። ምክንያቱንም በትክክል አስጽፉ፤ "ወደቅሁ" ማለት ብቻ አይበቃም፤ የወደቃችሁት መብራት ጠፍቶ ስለነበረ ከሆነ መብራቱ ይጻፍ። ያየ ባልደረባ ካለ ስሙን ያዙ፤ የጎዳችሁ የተበላሸ ገመድ ከሆነ ሳይጣል ፎቶ አንሡት። ያልሆነውን ግን አትጨምሩ። በሥራ መግቢያ ምርመራ ላይም የቀድሞ ጉዳታችሁን አትደብቁ። ተጠይቆ የቀድሞ ሕመሙን ሆን ብሎ የደበቀ ሰው፣ አዲሱ ጉዳት በዚያው ቦታ ከሆነ፣ ያንን ጥንታዊ የሕክምናና የመተዳደሪያ መብት ሊነጠቅ እንደሚችል የሉዊዚያናና የቴክሳስ ፌደራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ከ1968 ጀምሮ አጽንቶታል። ኩባንያው የራሱን ሐኪም ቢያዝላችሁም በመረጣችሁት ሐኪም መታየትም ትችላላችሁ።

ጉዳታችሁን በመናገራችሁ ከሥራ ብትባረሩ መርከበኛን ከበቀል የሚጠብቅ የፌደራል ሕግ አለ፤ አቤቱታው በ180 ቀን ውስጥ ለአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር ይቀርባል። ፈርሙ የምትባሉትን ወረቀት ደግሞ ወደ ቤት ወስዳችሁ አንብቡት፤ እንግሊዝኛችሁ ለሥራ ቢበቃም ለፊርማ ላይበቃ ይችላል። ፍርድ ቤቶች ከ1942 ጀምሮ መርከበኛ መብቱን የተወበትን ሰነድ በጥንቃቄ ያዩታል፤ በነፃ ፈቃዱና ተረድቶ መፈረሙን የማስረዳት ሸክም የኩባንያው ነው። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከፈረሙ በኋላ መሟገት ሳይፈርሙ ከመቆየት እጅግ ይከብዳል።

ዛሬም የሚያስቆጣኝ አንድ አሮጌ ሕግ አለ። ከ1851 ጀምሮ ባለ መርከቡ አደጋውን ያስከተለውን ጥፋት ወይም ጉድለት እንዳላወቀ ካስረዳ፣ ኃላፊነቱን ከአደጋው በኋላ በቀረው የመርከቡ ዋጋ ልክ እንዲወስንለት መጠየቅ ይችላል። የሰው ወገብና የአሮጌ ጀልባ ዋጋ እንዴት በአንድ ሚዛን እንደሚቀመጡ አንድም ቀን አልገባኝም። እናንተ ግን ከፌደራል ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ከደረሳችሁ ጥያቄያችሁን የምታቀርቡበት የተወሰነ ቀን አለውና በዚያው ሳምንት የባሕር ሕግ ወደሚያውቅ ጠበቃ ሂዱ። የመኪና አደጋ ጠበቃ ሁሉ ይህን አያውቅም።

በመጨረሻ ከባዱን ነገር ልናገር። በሁለት ባርጆች መካከል የወደቀ ሰው ብዙ ጊዜ አይተርፍም። መርከበኛ በአሠሪው ቸልተኝነት ሲሞት ካሣው በቅድሚያ ለትዳር ጓደኛውና ለልጆቹ፣ እነርሱ ከሌሉ ለወላጆቹ ነው። ወላጆች ግን በልጃቸው ሞት ያጡትን የገንዘብ ድጋፍ ማስረዳት አለባቸው። ደብረ ብርሃን ወይም ጎንደር ላለች እናታችሁ በየወሩ የምትልኩት ገንዘብ በሰው እጅ ከሄደ ምስክር የለውም። በባንክ ላኩ፤ ደረሰኙን አስቀምጡ። የጋብቻና የልጆች ልደት ምስክር ወረቀቶቻችሁን አሁኑኑ አስተርጉማችሁ አረጋግጡ። የኩባንያውን ስም፣ የጀልባውን ስምና የተሳፈራችሁበትን ወደብ ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ለአንድ የቤተሰብ ሰው ጽፋችሁ ላኩ።