ጃዝ መዝፈንም መተወንም ለምትፈልገው የኮምቦልቻ ልጅ

ጥያቄ፦ «ሃያ ዓመቴ ነው። ቤታችን ኮምቦልቻ ሲሆን ደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት አካውንቲንግ እማራለሁ። ዓርብና ቅዳሜ ማታ አንድ ሆቴል ውስጥ እዘፍናለሁ። ጃዝ መዝፈንና መተወን ነው ምኞቴ፤ አሜሪካዊቷን የጃዝ ዘፋኝና ተዋናይ አቢ ሊንከንን ካየሁ ወዲህ ሌላ ነገር አልታይ ብሎኛል። የሆቴሉ ባለቤት በሳምንት አምስት ማታ ከሠራሽ ወርሃዊ ደመወዝ እቆርጥልሻለሁ ብሎኛል። ግን አለባበስሽን ቀይሪ፣ ሰው የሚያውቀውን ዘፈን ብቻ ዝፈኚ ይላል። ትምህርቴን ላቋርጥ? ከዘፈንና ከትወናስ አንዱን ልምረጥ? እናቴ ዘፈን ሙያ አይደለም ትላለች።»

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ። ትምህርትሽን አታቋርጪ፤ የአምስቱን ማታ ሥራም ለጊዜው አትቀበዪ። ዘፈንን ንቄ አይደለም እንዲህ የምልሽ። ዘፈን ሙያ ነው፤ ያውም ከባድ ሙያ። ምክንያቴ ያለው አንቺው ራስሽ አርአያ ብለሽ በመረጥሻት ሴት ሕይወት ውስጥ ስለሆነ እሱን ልንገርሽ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

አቢ ሊንከን በ1930 ቺካጎ ተወለደች፤ ያደገችው ግን ሚሺጋን ገጠር ነው። ከ12 ልጆች 10ኛዋ ነበረች። እናት አባቷ ያወጡላት ስም አና ማሪ ዉልድሪጅ ነው። እንዳንቺ የጀመረችው በምሽት ክበብ ሲሆን፣ የምትዘፍነው ሌሎች ባወጡላት ስም፣ ሌሎች በመረጡላት ልብስ ነበር። በ1956 የመጀመሪያ አልበሟን ቀረጸች። በዚያው ዓመት አንድ ፊልም ላይ እየዘፈነች ስትታይ የለበሰችው ቀሚስ ቀደም ሲል ማሪሊን ሞንሮ በሌላ ፊልም የለበሰችው ነበር። በቀሚሱ ብዙ ተወራላት። ቆይታ ግን ሰው ቀሚሱን እያየ ዘፈኗን እንደማይሰማ ገባት፤ ቀሚሱንም አቃጠለችው።

ከዚያ በኋላ ከከበሮ መቺው ማክስ ሮች ጋር መሥራት ጀመረች። በ1960 ስለ ጥቁሮች ነፃነት በተሠራው አልበሙ ላይ በአንዱ ክፍል ቃል የሚባል ነገር የላትም፤ በድምፅ ብቻ ታንጎራጉራለች፣ ከዚያ ትጮኻለች፣ ከዚያ ትረጋጋለች። ፈልገሽ ስሚው። ያን ጩኸት እንደ ዘፋኝ ብቻ የቆመች ሴት አታወጣውም፤ የተዋናይ ጩኸት ነው። ከማክስ ሮች ጋር ባልና ሚስት የሆኑት በ1962 ነው።

ዋጋ ግን ከፈለችበት። በ1961 የራሷን አልበም ስታወጣ ከሃያሲዎች መሃል ፖለቲካ አበዛሽ ብሎ የነቀፋት ነበር። ከዚያ እስከ 1973 ድረስ በራሷ ስም ሌላ አልበም አልቀረጸችም። አስቢው፤ 12 ዓመት ነው! በመሃል በትወና ሠርታለች፦ በ1964 በአንድ ፊልም፣ በ1968 ደግሞ ከሲድኒ ፖይቲየር ጋር በመሪ ተዋናይነት፤ በዚህኛው ለጎልደን ግሎብ የፊልም ሽልማት ታጭታለች። በ1970 ከባሏ ተለያይታ ወደ ካሊፎርኒያ ሄደች። ከአንድ ጋራዥ በላይ ባለች ቤት እየኖረች ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ድራማ አስተማረች። ስሟ ዳግም የገነነው በ1990፣ ዕድሜዋ 60 ሲሞላ ነው። ያኔ ግጥምና ዜማው የራሷ የሆነ ብዙ ዘፈን ነበራት። በ2003 አገሯ ለጃዝ ባለሙያ የምትሰጠውን ትልቁን ክብር ሰጠቻት፤ በ2010 በ80 ዓመቷ አረፈች።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያወራሁልሽ ለአንድ ነገር ነው። ይህች ሴት እምቢ ማለት ችላለች፤ እምቢ ባለችባቸው ዓመታት ደግሞ ሌላ የምትኖርበት ሥራ ነበራት፤ አንዴ ፊልም፣ አንዴ ማስተማር። የቤት ኪራይሽ በአንድ ሆቴል ባለቤት እጅ ካለ ቀሚሱንም ዘፈኑንም የሚመርጥልሽ እሱ ነው። ክፉ ሰው ነው ማለቴ አይደለም፤ ገበያውን ነው የሚያየው። አካውንቲንግሽ ከዚህ ያወጣሻል። ፋብሪካና የኢንዱስትሪ ፓርክ ባለበት ኮምቦልቻ፣ ባንኩና ነጋዴው በሞላበት ደሴ የሂሳብ ባለሙያ ሥራ የማግኘት ዕድል አለው፤ ማታሽም የራስሽ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱን ማታ ያዢ፤ ለባለቤቱም በራሴ ልብስ እዘፍናለሁ፣ ከማታው ዘፈን ሦስቱን እኔ እመርጣለሁ በይው። አይሆንም ካለሽ በረሃብ አትሞቺም።

አንዱን ልምረጥ ወይ ላልሽው፣ አትምረጪ። አንዱ ሌላውን ያሠለጥነዋል። በእኛም አገር አስናቀች ወርቁ ክራሯን ይዛ ትዘፍን ነበር፣ መድረክ ላይም ትተውን ነበር። ዛሬ ማታ ይህን ሞክሪ፦ የምትወጂውን የትዝታ ግጥም አንድ ስንኝ ያዢና ዜማውን ትተሽ ከፊትሽ ለተቀመጠ ሰው እንደምትናገሪ ተናገሪው። ለማን ነው የምትይው? ተቆጥተሽ ነው ወይስ ለምነሽ? በስልክሽ ቅጂው። ቀጥሎ በዜማ ቅጂውና ሁለቱን አስተያዪ። የሚጠብቀው ፊደል ሳይጠብቅ ካለፈ፣ ትንፋሽሽ ቃሉን መሃሉ ላይ ከቆረጠው፣ ዜማው ቢያምርም ነገሩ አልተነገረም። የአቢ ሊንከን ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው፤ ስትዘፍን የምታናግርሽ ይመስልሻል።

ጃዝ ለመዝፈን የእንግሊዝኛ ዘፈን በመሸምደድ አትጀምሪ። ሙላቱ አስታጥቄ እንግሊዝና ቦስተን ተምሮ ሲያበቃ የጃዝን የድምፆች ስምምነት (ሃርመኒ) ያዋሃደው ከኛው ቅኝት ጋር ነው። ከአራቱ ቅኝቶች (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ) ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በቅርብሽ ባሉ አገሮች ስም የሚጠሩ ናቸው። ከሆቴላችሁ ኪቦርድ ተጫዋች ጋር ተቀመጪና አራቱንም አንድ በአንድ፣ ያለ ግጥም፣ በድምፅሽ ብቻ ውጪ ውረጂባቸው። ማሪቱ ለገሠ የወጣችበት የላሊበላ ኪነት ቡድን የደሴ ነው፤ ያን ዘመን የሚያውቁ ሰዎችን ወሎ ባህል አምባ አካባቢ ጠያይቂ፣ ቁጭ ብለሽም ስሚያቸው። ትወናውን በግቢሽ የቴአትር ክበብ ጀምሪ። ከተመረቅሽ በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም የቴአትር ትምህርትም አለው፤ ዘፍነሽና ተውነሽ ለማሳየት ከአሁኑ ተዘጋጂ።

ሆቴሉ ስትዘፍኚ እየቀረጸ በቲክቶክና በዩቲዩብ የሚለቅ ከሆነ ዝም አትበዪ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ለክዋኔ ባለሙያም፣ እንዳንቺ ለሚዘፍን ወይም ለሚተውን ሰው፣ መብት ይሰጣል፤ ሳትፈቅጂ ሊቀርጹሽ አይገባም። የራስሽን ግጥም ስትጽፊ ቀኑን አስፍረሽ አስቀምጪ። የሌላ ሰው ግጥምና ዜማ ከሆነም ለመቅረጽ አስፈቅጂ።

ስለ እናትሽ ደግሞ። ዘፈን ሙያ አይደለም ሲሉሽ ብዙውን ጊዜ የሚያስፈራቸው ሌሊቱ ነው፦ መጠጡ፣ የሚጠጣው ሰው፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ። ልክ ናቸው። ስለዚህ በሙያው አትከራከሪያቸው፤ በስንት ሰዓት እንደምትጨርሺ፣ የት እንደምታድሪ፣ ማን እንደሚያደርስሽ ቁርጡን ንገሪያቸው። መመለሻ መኪናውን ሆቴሉ ይቻል፤ የሥራ ሰዓቱ፣ ክፍያውና የቀረጻው ጉዳይም በጽሑፍ ውል ይግቡ። ፊርማሽን ከማሳረፍሽ በፊት ውሉን ይዘሽልኝ ነይ፤ አብረን እናነበዋለን።