ፋየርፕሌስ ያለው ቤት ለምትገቡ

ሳሎኑ ውስጥ ፋየርፕሌስ፣ ማለትም ግድግዳው ላይ የተሠራ የእሳት ማንደጃ፣ ያለው ቤት ልብ ይሰርቃል። ግን ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ጭስ ማውጫው መጨረሻ የተጠረገው መቼ ነው? የነበሩት ሰዎችስ ምን ነበር የሚያነዱት? ሁለተኛውን ብዙ ሰው አይጠይቅም። እኔ ግን እሱን አስቀድማለሁ።

ዋናው ጠላት እርጥብ እንጨት ነው። ገና የተቆረጠ እንጨት የክብደቱ ግማሽ ያህል ውሃ ሊሆን ይችላል። እሳቱ ጉልበቱን ውሃውን በማትነን ይጨርሳል። ቤቱ አይሞቅም፣ ጭሱ ይበዛል። ያ ጭስ ወደ ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ክሪዮሶት የሚባለው ይሄ ጥቀርሻ ነው። መጀመሪያ ላይ በብሩሽ ይረግፋል። ሲቆይ እንደ ቅርፊት ይጠነክራል፤ ሲብስበት ደግሞ እንደ ሬንጅ ይጋገራል፣ ያኔ ብሩሽ አይበግረውም። ክፋቱ እሱ ራሱ ተቀጣጣይ መሆኑ ነው። አንዴ ከተያያዘ የጭስ ማውጫው ሙቀት ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። የውስጡ ሽፋን ይሰነጠቃል፣ እሳቱም ወደ ጣሪያው እንጨት መንገድ ያገኛል።

ስለዚህ የእንጨታችሁ እርጥበት ከ20 በመቶ አይለፍ። መለኪያዋ ሁለት መርፌ ያላት ትንሽ መሣሪያ ናት። እንጨቱን ፍለጡና አዲስ የተፈለጠው ፊት ላይ ውጉት፤ ከላይ ከለካችሁት ያታልላችኋል። መሣሪያው ከሌለ ሁለት ፍልጥ አጋጩ። ደረቁ ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ እርጥቡ ድምፁ ይታፈናል። ሲነድ ጫፉ ላይ አረፋ እየደፈቀ የሚንሿሿ ከሆነማ ነገሩ አልቋል፣ እርጥብ ነው። «ደረቅ ነው» የሚለውን የሻጭ ቃል ዝም ብላችሁ አትመኑ። ተፈልጦ፣ አናቱ ተሸፍኖ፣ ጎኑ ነፋስ እያገኘ ለመድረቅ እንደ እንጨቱ ዓይነት ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ይፈልጋል።

ሙጫው ጥቀርሻ ያበዛል ብለው ጥድን ብዙዎች ይፈሩታል። ግን የደረቀ ጥድ ኦክ ከሚባለው ጠንካራ እንጨት እርጥቡ ይሻላል። ደረቁንም ቢሆን ሌሊቱን ይቆይልኝ ብላችሁ አየሩን ዘግታችሁ አታጭሱት፤ ጥቀርሻው ያው ነው።

ቀለም የተቀባ ወይም በኬሚካል የተነከረ ጣውላ፣ ፕላስቲክ፣ ካርቶን አይገባም። የድንጋይ ከሰል ድኝ ስላለው ከእርጥበት ጋር አሲድ ሠርቶ ብረቱን ይበላል፤ ምድጃው ለእሱ ካልተሠራ ተዉት። ጋዝ ነው የምንጠቀመው የምትሉም አትዘናጉ። ጥላሸቱ ባይታይም የወፍ ጎጆ ጭስ ማውጫውን ሊዘጋው ይችላል። ያኔ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ገዳይ ጋዝ ወደ ቤት ይመለሳል። ሽታ የለውም፣ ስለዚህ እሱ ሲኖር የሚጮኸው አላርም የግድ ነው። በዓመት አንዴም ባለሙያ ይየው።

አንድ ቀን ከላይ እንደ አውሮፕላን የሚያጓራ ድምፅ ከሰማችሁ እሳቱ ጭስ ማውጫው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ቤተሰቡን ይዛችሁ ውጡና የእሳት አደጋ ጥሩ። ውሃ አትድፉበት፣ የጋለው ግንብ ሊሰነጠቅ ይችላል። ጠፋ ከተባለም በኋላ ባለሙያ ውስጡን ሳያየው ክብሪት አይጫርበትም።