«ገብተው ወዲያው ይወጣሉ» ላልከው

ወንድሜ፣ «በአማርኛ ትእዛዝ የሚሠራ ትንሽ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሠራሁ፤ ዌብሳይቱን ግን ሰው ከፍቶ ወዲያው ይወጣል፣ እንዴት ላሳምረው?» ብለሃል። እኔም እዚህ ደብረ ብርሃን ለተማሪዎች ተመሳሳይ ነገር ሞክሬ ዋጋዬን አግኝቻለሁና ያየሁትን ልንገርህ።

የእኔ ገጽ ሲጀምር «ፈጣን፣ ዘመናዊ፣ አስተማማኝ» ይልና ከሥሩ «አውርድ» የሚል ቁልፍ ነበረው። አንድ ጠዋት፣ ብርዱ እጅ ያደነዝዛል፣ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አጠገቤ አስቀምጬ በስልኩ አስከፈትኩት። እጁን ከጋቢው አውጥቶ ገጹን በአውራ ጣቱ ገፋ፣ ገፋ፣ ጨረሰው። «እና ምን ላድርግ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በስልክ ምኑን ያውርደው!

ማታውኑ ሁሉንም አጥፍቼ ሦስት መስመር ኮድ ብቻ አስቀመጥኩ፦ የገብስ ዋጋ በኪሎ፣ ስንት ኪሎ፣ አባዝተህ አሳይ። ከሥሩ «አስኪድ» የሚል ቁልፍ። እዚያው ይሠራል። የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ ፓይተን እና «ጎ» (Go) የተባሉት የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ድረ ገጾችም ኮድ እዚያው ያስሞክራሉ። ልጆቹ ቁጥሩን መነካካት ጀመሩ። አንዷማ «ይሄ የአምና ዋጋ ነው» ብላ አረመችኝ።

ትልቁ ጉድ የስህተት መልእክቱ ላይ ነው። በአማርኛ ኪቦርድ ሲጽፉ በኮማ ፋንታ «፣» ያስገባሉ። ኮዱ እምቢ ይላል፤ መልእክቱ ደግሞ ለእኔም አይገባኝም ነበር። «2ኛው መስመር ላይ ያለችው ፣ ናት ያስቸገረችኝ» እንዲል አደረግኩት። ሳቁ፣ አስተካከሉ፣ ቀጠሉ። በኋላማ ሁለቱንም እንዲቀበል አደረግኩት። ምን አከራከረኝ?

ከዚያ ራስህን አሳይ። ግሬይደን ሆር የተባለ ፕሮግራመር ራስት የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመረው፣ የሚኖርበት ሕንጻ ሊፍት በሶፍትዌር ብልሽት ቆሞ እስከ 21ኛ ፎቅ በእግሩ ከወጣ በኋላ ነው። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው የቋንቋው ስም አልጠፋቸውም። አንተስ ምን አናዶህ ጀመርክ? እሱን «ስለ እኛ» ውስጥ አትቅበረው፣ ፊት ለፊት ጻፈው።

ምልክት የሚሆን እንስሳም ያምራል። ራስት ሸርጣን አለው፤ እኛ የመንዝ ጓሳን ጭላዳ ሣልን። ልጆቹ ወደዱት፣ ግን ኮዱ ሲበላሽ ጭላዳው አላዳነኝም። እንስሳው መጨረሻ ላይ ይድረስ።

ሊንኩን ላክልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹ ሲመጡ ከፍቼ የሚሉትን እንዳለ እጽፍልሃለሁ።