መልስ፦ ቦርከና ዳር ስለተገኘው ጥቁር ጥንዚዛ

ወንድሜ፣ ጥንዚዛው ጎመኔን ይበላል ብለህ ፀረ ተባይ መድኃኒት ልትረጭበት እንደሆነ ጠይቀኸኛል፤ እባክህ መድኃኒቱን አትርጭ! ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ካለው ጎመንህ አጠገብ ድንጋይ ስታነሣ ያየኸው ረጅም እግርና ትልቅ መንጋጋ ያለው፣ ፈጣን ሯጭ ጥቁር ጥንዚዛ አዳኝ ይመስለኛል፤ የሚፈልገው ጎመኑን ሳይሆን ትሉንና ቀንድ አውጣውን ነው። በአውሮፓ ካራቡስ ቫሪዮሎሱስ የሚባል የዚህ ወገን ብርቅ ጥንዚዛ አለ፤ እጅግ ያስደንቀኛል። በጫካ ምንጮችና ረግረጎች ዳር ይኖራል፤ አየር ከክንፍ ሽፋኑ ሥር ይዞ ውኃ ውስጥ ይገባና እጭና ቀንድ አውጣ ያድናል። መብረር ግን አይችልም። ስለዚህ ረግረጉ ሲደርቅ ርቆ ሄዶ መስፈር ይቸግረዋል፤ የአውሮፓ ኅብረትም በሕግ ይጠብቀዋል። አንተም በማሳህ ዳር ያለውን ሣርና ድንጋይ ተውለት። በእጅህ ከያዝከው የሚያቃጥል ፈሳሽ ሊረጭ ስለሚችል ዓይንህን ጠብቅ።