የሠራሁት ፔዳል እምቢ አለኝ፦ ጥያቄና መልስ

ከኪት (በየክፍሉ ተሸጦ በቤት ከሚገጣጠም ጥቅል) ገጣጥማችሁት ስላስቸገራችሁ የጊታር ፔዳል፣ ማለትም በእግር እየተረገጠ የጊታሩን ድምፅ ስለሚቀይረው ሳጥን፣ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። አንድ ልመና አለኝ። «አይሠራም» ብቻ አትበሉኝ። መብራቱ ይበራል? ፔዳሉ ሲጠፋ የጊታሩ ድምፅ ያልፋል? እነዚህን ንገሩኝ፤ ግማሹ ሥራ ያልቃል።

ጥያቄ፦ የቲዩብ ስክሪመር (የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክር ፔዳል) ኪት ሠራሁ። ኤልኢዲው (መብራቱ) ይበራል፤ ባይፓስ ላይ፣ ማለትም ፔዳሉ ሲጠፋ፣ ጊታሩ ይሰማል። ስረግጠው ግን ጭጭ። አይሲውን (ባለ ስምንት እግሩን ቺፕ) ልቀይረው?

መልስ፦ ተው፣ አትቀይረው! ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው አይሲውን ነው፤ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው ግን ከስንት አንዴ ነው። መልቲሜትርህን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርግ። ጥቁሩን ጫፍ ግራውንድ (የፔዳሉ ዜሮ ቮልት መስመር) ላይ ያዝ። አሁን 4558 የሚባለውን ይህን አይሲ እግር በእግር ለካ። ቁጥሩ ነጥብ ካለበት እግር ይጀምራል፤ በግራ ወርዶ በቀኝ ይመለሳል። 8ኛው ላይ ወደ 9 ቮልት፣ 4ኛው ላይ ዜሮ ማግኘት አለብህ። የቀሩት ስድስቱ 4.5 አካባቢ ናቸው።

8ኛው ላይ 9 ቮልት አለ፣ 4.5ቱ ግን የለም? እንግዲያው 9ኙን ለሁለት የሚከፍሉትን ሁለቱን ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ተመልከት። ባለ 10 ኪሎው ቡናማ፣ ጥቁር፣ ብርቱካን ነው። መጨረሻው ቢጫ ከሆነ 100 ኪሎ ነው። በአምፖል ብርሃን ሁለቱን ቀለም ማምታታት ቀላል ስለሆነ በዓይንህ አትመን፤ ለካው። አጠገባቸው ያለው ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተርም ተገልብጦ እንደሆነ እይ። ነጭ መስመር ያለበት ጎን ኔጌቲቭ ነው።

ጥያቄ፦ ቮልቴጁ ሁሉ ልክ ነው። ድምፅ ግን የለም።

መልስ፦ ድምፁ የት እንደሚጠፋ በጆሮሽ ተከተይው። አንድ አሮጌ የጊታር ኬብል ቁረጪ። በውስጠኛው ሽቦ ጫፍ ላይ «104» የሚል ካፓሲተር በይጂ፤ የውጪውን መረብ ከፔዳሉ ግራውንድ ጋር አገናኚ። ሌላውን ጫፍ አምፕ (የድምፅ ማጉያው) ላይ ሰኪ፤ ቮሊዩሙን ዝቅ አድርጊ። አንድ ሰው ጊታሩን እየመታልሽ ከመግቢያው ጀምሮ እያንዳንዱን ክፍል በካፓሲተሩ ጫፍ ንኪ። እዚህ ይሰማል፣ ቀጥሎ ያለው ላይ አይሰማም? ችግሩ በሁለቱ መካከል ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምታገኚው የደበዘዘና የተድበለበለ ብየዳ ነው። እንደገና አሙቂው፤ ትንሽ ሶልደር ጨምሪበት።

ይህን ባለ 9 ቮልት ፔዳል ላይ ብቻ አድርጊ። የቲዩብ አምፕ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስላለ በፍጹም አትሞክሪው።

ጥያቄ፦ ኪቱ 2ኤን5088 የሚባል ትራንዚስተር ይላል። መርካቶ ያገኘሁት ቢሲ549 ነው። ገጠምኩት፣ ድምፁ ግን ቀጭንና የሞተ ነው።

መልስ፦ ትራንዚስተሩ ምትክ መሆን ይችላል፤ እግሮቹ ግን ተገልብጠዋል። ጠፍጣፋውን ፊት ወደ አንተ አዙረው። የ2ኤን5088 እግሮች ከግራ ኢሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር ናቸው፤ የቢሲ549 ደግሞ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኢሚተር። ስለዚህ ቦርዱ ላይ ከተሳለው ቅርጽ በተቃራኒ አዙረህ ክተተው።

ጥያቄ፦ ጠረጴዛ ላይ አሪፍ ይሠራል። ሳጥኑን ስዘጋው ይሞታል!

መልስ፦ ይቺን እወዳታለሁ። ሾርት ነው፤ መነካካት የሌለባቸው ብረቶች ተነካክተዋል። ወይ የፖቶቹ (የሚዞሩት መቆጣጠሪያዎች) ጀርባ ቦርዱን ነክቶታል፣ ወይ የጃኩ (የኬብል መሰኪያው) ምላስ የሳጥኑን ግድግዳ። ኬብሉ ሲሰካ ምላሱ ወደ ውጭ እንደሚገፋ አትርሳ፤ ሰክተህ እየው። የፖቶቹ ጀርባ ላይ ፕላስተር ለጥፍ።

ጥያቄ፦ በባትሪ ጸጥ ይላል፤ የዋይፋይ ራውተር አዳፕተር ስሰካበት ያፏጫል።

መልስ፦ እንዳልተቃጠለ አመስግን። አብዛኞቹ የጊታር ፔዳሎች መሃሉ ኔጌቲቭ የሆነ መሰኪያ ነው የሚፈልጉት፤ የራውተር አዳፕተር ደግሞ ብዙውን ጊዜ መሃሉ ፖዘቲቭ ነው፤ ቮልቱም ብዙ ጊዜ 12 ነው። ያንተ አዳፕተር በዕድል ለፔዳሉ ገጥሞ ይሆናል። ፉጨቱ ከራሱ ከአዳፕተሩ ነው፤ በባትሪ መጥፋቱ ፔዳሉ ደህና እንደሆነ ያሳያል። ለፔዳል የተሠራ አዳፕተር ግዛ።

ጥያቄ፦ አጥፍቼው አድራለሁ፤ ጠዋት ባትሪው አልቋል።

መልስ፦ በእግር ረግጠህ ማጥፋትህ ባትሪውን አያቋርጠውም። የመግቢያውን ኬብል ንቀል። ተነቅሎም ካለቀ፣ መግቢያው ላይ በስቴሪዮ ጃክ (ባለ ሦስት ምላስ) ፈንታ ሞኖ (ባለ ሁለት) ገጥመሃል፣ ወይም የባትሪውን ጥቁር ሽቦ ያለቦታው በይደሃል። ቦታው የስቴሪዮው መካከለኛ ምላስ ነው።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ዲሌይ (ድምፁን እንደ ማሚቶ የሚደግም ፔዳል) ካልሠራሁ እያለኝ ነው። አደጋ አለው?

መልስ፦ እናቱ፣ 9 ቮልት አይጎዳውም። ዲሌይ ግን ለመጀመሪያ ይከብደዋል። አንድ ትራንዚስተር ብቻ ያለው ቡስተር (ድምፁን የሚያጎላ ፔዳል) ኪት ይግዙለት፤ በአንድ ቅዳሜ ይጨርሰዋል። የሚያሰጋው መበየጃው ነው፤ ጫፉ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል። መስኮት ይከፈት፣ መነጽር ያድርግ። ብዙ ሶልደር እርሳስ ስላለበት እጁን ሳይታጠብ ምሳ አይቅረብ።