ቀላቅይ ስትባይ እንዳትቀላቅዪ

በቅርቡ ሥራ የጀመረች አንዲት ወጣት እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ አለቃዬ በረኪናውን ከሽንት ቤት ማጽጃው ጋር ቀላቅለሽ ተጠቀሚ፣ ቶሎ ያነጣል አለኝ። እምቢ ብል ሰነፍ እባላለሁ። ምን ይሻለኛል?»

መልሱ አጭር ነው፤ እንዳትቀላቅዪ። ጥያቄዋ ግን አንድ የቆየ ቁጭት ቀስቅሶብኛል። ስለዚህ መልሱን ለሁላችሁም ልጻፈው።

ያኔ አንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ወጣት የጥገና ሠራተኛ ነበርኩ። ከጽዳት ሠራተኞቹ መካከል ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው ሴት ነበሩ። መስታወት ሲያጸዱ ቆሞ ማየት ራሱ ትምህርት ነበር። ጨርቁን አራት አጥፈው ከላይ ይጀምራሉ፤ አንዱ ገጽ ሲቆሽሽ ወደ ሌላው ይገለብጡታል። ከዚያ በኋላ አብረውኝ የሠሩትን ልጆች ሁሉ ያስተማርኳቸው እንደዚያ ነው።

አንድ ቀን እንግዶች ይመጣሉ ተባለና ቤቱ ተተራመሰ። ኃላፊው ደረጃውን እየወጣ እየወረደ «ቶሎ በሉ» ይላል። እትዬ ምድር ቤት ያለውን፣ መስኮት የሌለውን መጸዳጃ ቤት ያዙ። መቀመጫው ላይ ዝገት የመሰለ እድፍ ነበር። በረኪና አፈሰሱበት፤ አልለቀቀም። አጠገባቸው በውሃ ፕላስቲክ የተቀመጠ ፈሳሽ ነበርና ሳሙና ነው ብለው ጨመሩበት።

ሳሙና አልነበረም። በትልቅ ጀሪካን የመጣ፣ አሲድ ያለው ማጽጃ ነበር። መጋዘን ውስጥ በየፕላስቲኩ ተቀድቶ ተከፋፍሏል፤ ላዩ ላይ አንድም ጽሑፍ የለም። የመጋዘኑ ሰውዬ ጀሪካኖቹን እያሸተተ ነበር የሚለየው።

ሳሉን የሰማሁት ከኮሪደሩ ነው። ስደርስ እትዬ ቁጢጥ ብለው መቀመጫውን ይፈትጋሉ። ዓይናቸው ቀልቷል፣ እንባቸው ይወርዳል፤ ብሩሹን ግን አልጣሉትም። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ክሎሪን ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። ቁጢጥ ያለ ሰው አፍንጫው እዚያው መሃሉ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1915 የጀርመን ጦር ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር አጠገብ የለቀቀው ይህንኑ ጋዝ ነው። በመሬት ተጎትቶ የጠላት ወታደሮች የተደበቁበት ምሽግ ውስጥ ገባባቸው።

ደግፈን አወጣናቸው። አንዱ ወተት ሊያመጣ ሮጠ። ሳንባ ለገባ ጋዝ ወተት ምን ያደርጋል? እትዬ ጥቂት አረፍ ብለው «ደህና ነኝ፣ ጉሮሮዬን ብቻ ነው» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ማታ ቤታቸው ትንፋሽ አጠራቸው። ክሎሪን እንዲህ ነው፤ ሳንባ ውስጥ ውሃ የሚቋጥረው ከሰዓታት በኋላ ሊሆን ይችላል። ሐኪም ቤት ተኝተው ተረፉ። ግን ደረጃ መውጣት አቃታቸውና ብዙም ሳይቆዩ ሥራውን ተዉት።

እስከ ዛሬ የእግር እሳት የሆነብኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ሪፖርቱ ላይ «ሠራተኛዋ ባሳዩት የጥንቃቄ ጉድለት» ተብሎ ተጻፈ። ስለ ፕላስቲኩ አንድ መስመር የለም። ማን ቀዳው? ለምን ስሙ አልተጻፈበትም? ክፍሉ ለምን አየር ማስወጫ የለውም? ማን ነው እንዲያ ያጣደፋቸው? የጠየቀ የለም። የሰው ሳንባ ከተጎዳ በኋላ ጥፋቱን ለተጎዳው ሰው ማሸከም ግፍ ነው።

ወጣቶችን ሲያሙ አልወድም። ከእኛ ይልቅ ቶሎ ትማራላችሁ፤ መጠየቅም ታውቃላችሁ። አንድ ነገር ግን ያናድደኛል። አምስት ዓይነት ማጽጃ አንድ ላይ ደፍቶ አረፋ የሚያሳይ ቪዲዮ ስልካችሁ ላይ አይታችሁ ትሞክራላችሁ። ዕቃው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ለማንበብ ግን ትሰለቻላችሁ። በረኪና ከኮምጣጤ ጋር እንኳን ክሎሪን ያወጣል። ከአሞኒያ ጋር ደግሞ ክሎራሚን የሚባል ሌላ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል፤ አንዳንድ የመስታወት ማጽጃ አሞኒያ አለው። ሲቀላቀሉ ጉልበታቸው አይደመርም። ጀርም ይገድል የነበረው ነገር ጋዝ ሆኖ ወደ እናንተ ሳንባ ይሄዳል።

ስለ ጓንት አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ማስክን ግን አትመኑት። የአቧራም ሆነ የሕክምና ማስክ ጋዝ አያስቆምም። ካስቲክ ሶዳ፣ ማለትም የተደፈነ ቱቦ የሚከፍተውን ኃይለኛ ኬሚካል፣ ስትበጠብጡ ሶዳውን ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ውሃ ከላዩ ከደፋችሁበት ግሎ ፊታችሁ ላይ ይረጫል። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በሚወርድ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ታጥቦ ወደ ሐኪም ነው።

ለአለቃ እንዴት ይነገራል? «አልሠራም» ብላችሁ አትጀምሩ። «በአንዱ ልሥራና በብዙ ውሃ ልጠበው፤ እድፉ ካልለቀቀ ሌላ መላ እንፈልግ» በሉ። የሚጣደፍ አለቃም ቢሆን የቸኮለ አፍሶ እንደሚለቅም አይጠፋውም። ስም ያልተጻፈበት ፕላስቲክ ከተሰጣችሁ መልሱት፤ ለመለየት ብላችሁ እንዳታሸቱት።

አሁን ደግሞ ያልኩትን ላፍርስ። አለቃው ካልሰማ፣ ክፍሉም የታፈነ ከሆነ፣ «አልሠራም» በሉና ውጡ። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው 170ኛው ስምምነት፣ ሠራተኛ ኬሚካል ቅርብና ከባድ አደጋ እንደሚያደርስበት ለማመን በቂ ምክንያት ሲኖረው ራሱን የማራቅ መብት አለው ይላል። ሁሉም አገር አላጸደቀውም። ቢሆንም የሥራ ቦታችሁን ደንብ ጠይቁና በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ አድርጉ።

ጋዙ ከወጣ ባልዲውን ለማንሳት አትመለሱ። ወደ ንጹህ አየር ውጡ፣ ሌላ ሰው እንዳይገባም አስጠንቅቁ። ያስላችሁ ወይም ደረታችሁን ያፈናችሁ ከሆነ፣ ተሻለኝ ብላችሁ እንዳትቀሩ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። የሁለቱንም ማጽጃ ጽሑፍ ከሌላ ዕቃ ላይም ቢሆን ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ምን እንደተቀላቀለ ነው።